ውሃ ቆጣቢው አዳክስና ተኝቶ የሚጠብቀው ሞስ

በ2016 መጋቢት ወር (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምሥራቅ ኒጀር፣ ተርሚትና ቲን ቱማ በሚባለው በረሃ ውስጥ ሰፊ የዱር እንስሳት ቆጠራ ተካሂዶ ነበር። ቆጣሪዎቹ በአውሮፕላን ከላይ፣ በመኪና ከታች አሰሱ። የሚፈልጉት አዳክስ የተባለውን የሰሃራ እንስሳ ነበር። ያገኙት ሦስት ብቻ ነው። ሦስቱም አብረው ነበሩ፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በኋላ ባወጣው መግለጫ እንደገለጸው ደግሞ ክፉኛ የበረገጉ ነበሩ።

በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሳላን ያየ ሰው አዳክስን በዓይነ ኅሊናው ለመሳል አይቸገርም። ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። የሳላ ቀንድ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ሲወጣ የአዳክስ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ እየተጠማዘዘ ያድጋል፤ ቀንዱ የወንዱም የሴቷም ነው። ቁመቱ እስከ ትከሻው አንድ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ60 እስከ 125 ኪሎ ግራም ይሆናል። በቅዝቃዜው ወራት ግራጫ የነበረው ጠጉሩ ሙቀቱ ሲበረታ እየነጣ ይሄዳል። ኮቴው ሰፊና ዝርግ ስለሆነ ልቅ አሸዋ ላይ አይሰጥምም።

አሁን ዓይናችንን ከሰሃራ አንስተን ወደ ጫካ እናዙር። በአሮጌ ዛፍ ግንድ፣ በወደቀ እንጨት፣ በጥላ ሥር ባለ የድንጋይ አጥር ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚለጠፈውን ትንሽ ተክል ሁላችንም እናውቀዋለን። በእኛ አገር ብዙ ሰው ከዛፍ ላይ የሚንጠለጠለውንም፣ የሚለጠፈውንም በጅምላ «የዛፍ ሽበት» ብሎ ያልፈዋል። ተመራማሪዎች ሞስ የሚሉት ወገን ብቻ ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ በጣም ከተለመዱት አንዱ ሂፕነም ኩፕረሲፎርሜ ነው፤ የስሙ ሁለተኛ ክፍል የፈረንጅ ጥድ ቅርጽ ያለው ማለት ነው። ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉር ይገኛል። በአውሮፓ ጫካዎችማ ሳይረግጡት ወይም ሳይደገፉት ማለፍ ያዳግታል።

ምን አገናኛቸው? አንዱ ባለ አራት እግር፣ ባለ ቀንድ፣ ፎቶግራፍ አንሺ አህጉር አቋርጦ የሚሄድለት እንስሳ ነው። ሌላው ከጫማ ሶል ላይ ተፍቆ የሚጣል ነገር። እኔ ግን አንድ ላይ ማስቀመጤን ተገቢ የማደርገው አንድ ምክንያት አለኝ። ሁለቱም ሕይወታቸውን ሙሉ የሚታገሉት ከአንድ ጠላት ጋር ነው፤ ከድርቀት። ለዚሁ አንድ ችግር ያገኙት መፍትሔ ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ አንዱ ሊጠፋ እስኪቃረብ የተመናመነበት፣ ሌላው ዓለምን የሞላበት ምክንያትም ከዚሁ ተቃርኖ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

የመያዝና የመልቀቅ ስልት

አዳክስ ያገኛትን ውሃ አይለቅም። ኩሬና ምንጭ ሳያይ ወራት ሊቆይ የሚችለው ከሚበላው ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ያለውን እርጥበት፣ ማለዳ ቅጠሉ ላይ ያረፈውን ጠል ጭምር ስለሚጠቀም ነው። የተለያዩ ብልሃቶችም አሉት። ቀን ላይ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ ሲል ቶሎ አያልበውም፤ ሙቀቱን ችሎ ይቆይና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ያወጣዋል። ላብ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ አይባክንም። ኩላሊቱ ሽንቱን እጅግ ያወፍረዋል። ቀትር ላይ አሸዋውን በኮቴው ቆፍሮ ጥላ ውስጥ ይተኛል፤ ግጦሹን ወደ ማታና ወደ ሌሊት ያደርጋል። በአጭሩ ቤቱ ውስጥ ያለውን ጤፍ በእፍኝ እየለካ ክረምቱን እንደሚያሻግር ገበሬ ነው።

ይህ ስልት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በሰሃራ ውስጥ ዝናብ የት እንደሚጥል አይታወቅም። ዘንድሮ እዚህ የበቀለው ሣር በሚቀጥለው ዓመት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ አዳክስ ሰፊ አገር ይፈልጋል፤ ዝናቡን እየተከተለ ይዞራል። ሴቷ ስምንት ወር ተኩል ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ነው። ጉልበቱን ሁሉ በመቆጠብ ላይ ያዋለ ፍጥረት በመሆኑም ሯጭ አይደለም። ዝግ ብሎ ይራመዳል፤ ሲባረር ቶሎ ይደክማል። ይህን የመጨረሻ ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ እመለስበታለሁ።

ሞሱ ውሃ ለመያዝ አይታገልም ማለት ይቻላል። እንደ ዛፍ ከመሬት ውሃ የሚስብ ሥር የለውም፤ ከሥሩ ያሉት ክሮች ዋና ሥራቸው ግንዱን ጨብጦ መያዝ ነው። የቅጠሉ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሕዋስ ያህል ነው። ውሃን የሚያግድ ወፍራም ቆዳ ስለሌለው ሲዘንብ በመላ አካሉ ይጠጣል፤ ሲደርቅም በመላ አካሉ ይደርቃል። ከዚያ ምን ያደርጋል? ይተኛል። ምግብ መሥራቱን ያቆማል፣ ቅጠሉን ይጠቀልላል፣ የሞተ መስሎ ይቆያል። ሂፕነም የሚለው ስሙ እንቅልፍ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ስሙ የወጣለት ድሮ ለፍራሽና ለትራስ መሙያ ይውል ስለነበር ነው ይባላል፤ ለእኔ ግን ከትራሱ ይልቅ ለተክሉ ጠባይ ይስማማዋል።

ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ከወደቀ የጥድ ቅርንጫፍ ላይ የወሰድኩትን ቁራጭ ሞስ በፖስታ ውስጥ አድርጌ መሳቢያ ውስጥ ረስቼው ነበር። ዝርያውን አላውቀውም። ከወራት በኋላ ሳወጣው እንደ ትንባሆ ቡናማ ሆኖ ይንኮሻኮሻል። ሳህን ላይ አስቀምጬ በማንኪያ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ቡናው እስኪፈላ ባለው ጊዜ ውስጥ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ፤ አረንጓዴነቱም ተመለሰ። ባለቤቴ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

የእኔ መሳቢያ ምንም አይደለም። በ2014 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከአንታርክቲካ ደሴት በረዶ ውስጥ ቆፍረው ያወጡት ሞስ፣ ከ1,500 ዓመት በላይ በረዶ ሆኖ ከቆየ በኋላ እንደገና ማቆጥቆጡን አስነብበዋል። ከአክሱም መንግሥት ዘመን ጀምሮ የተኛ ተክል ነቃ ማለት ነው። ሌሎች የሞስ ዝርያዎች በአሜሪካና በመካከለኛው እስያ በረሃዎች አፈር ላይ ይኖራሉ። የጫካው ዘመድ በረሃ ገብቶ መኖር ችሏል፤ የበረሃው እንስሳ ግን ጫካ ገብቶ አይኖርም።

መኪናና ጠመንጃ ሲመጡ

አዳክስ ሁልጊዜ ብርቅ አልነበረም። አንድ ጊዜ ከአትላንቲክ ዳርቻ እስከ ዓባይ ድረስ በሰሃራ ሁሉ ይገኝ ነበር። የጥንት ግብፃውያን በሳቃራ መቃብሮች ግድግዳ ላይ ታስሮ የሚቀለብ አዳክስ ቀርጸዋል፤ ለማዳ ሊያደርጉት ሞክረው ይሆናል። የበረሃ ሰዎችም በፈረስ፣ በግመልና በውሻ እያሳደዱ ለሥጋውና ለቆዳው ሲያድኑት ኖረዋል። ይህ ሁሉ አላጠፋውም። አዳኝ ራሱ ውሃ ስለሚጠማው በረሃው መካከል ገብቶ ብዙ መቆየት አይችልም ነበር። የአዳክስ ምሽጉ ጥማት ነበር።

ያንን ምሽግ የሰበረው በርሜል ውሃና በርሜል ቤንዚን የሚጭን መኪና ነው። በፒክአፕ ላይ የተቀመጠ ተኳሽ አይጠማም፤ አይደክምም። ሯጭ ያልሆነው፣ ኃይሉን ሁሉ በቁጠባ ላይ ያዋለው እንስሳ ሜዳ ላይ ተጋልጦ ቀረ። የነጣው ጠጉሩ ከፀሐይ ይከልለዋል፤ ከጥይት ግን አይከልለውም። በቱኒዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ጠፋ፤ ሌሎቹ አገሮች በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተራ በተራ ተከተሉ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከሰሃራ በስተ ደቡብ ያለውን ሳህልን የመታው ድርቅም የራሱን ድርሻ ወሰደ።

የመጨረሻው ምዕራፍ የዘመናችን ነው። በዚያው በምሥራቅ ኒጀር በረሃ፣ አጋዴም በተባለ ሥፍራ የቻይና ብሔራዊ ነዳጅ ኩባንያ ዘይት ማውጣት የጀመረው በ2011 ነው። በዚያው ዓመት የሊቢያ መንግሥት ፈረሰ፤ መሣሪያና ባለ አራት ጎማ መኪና በድንበር አልፎ ሰሃራን አጥለቀለቀ። የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረቱ በ2016 መግለጫው ላይ የነዳጅ ሥራውን እንዲጠብቁ የተመደቡ ወታደሮችም አዳክስን እንደሚያድኑ በግልጽ ጽፏል። ጠባቂው ራሱ አዳኝ ከሆነ እንስሳው ለማን አቤት ይላል?

በዚህ መካከል አንድ እንግዳ ነገር ነበር። የኒጀር መንግሥት በ2012 ያንን ምድር ተርሚትና ቲን ቱማ የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል ብሎ አውጆታል። ስፋቱ 97 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአዋሽ ፓርካችን 756 ካሬ ኪሎ ሜትር መሆኑን ላስታውስ፤ ከመቶ ጊዜ በላይ ይበልጠዋል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ከአፍሪካ ግዙፍ ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የተገኙት ግን ሦስት ናቸው። በ2019 ደግሞ መንግሥት ድንበሩን እንደገና ለመከለልና የነዳጁን ሥፍራ ከጥብቅ ክልሉ ለማውጣት ወሰነ።

ይህን የምለው ለወቅታዊ ጉዳይ ስለሚጠቅም ነው። የዓለም መንግሥታት በ2022 ሞንትሪያል ላይ ተሰብስበው እስከ 2030 ድረስ ከምድር የብስና ከባሕር 30 በመቶውን ለመጠበቅ ተስማምተዋል። ቁጥሩ ጥሩ ነው። ግን መለኪያው ካሬ ኪሎ ሜትር ከሆነ በረሃ ለማንም መንግሥት ርካሽ መሙያ ነው፤ አንድ አዋጅ ብቻ መቶ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ሊያስመዘግብ ይችላል። የተርሚት ጉዳይ እንደሚያሳየው ከአዋጁ በኋላ የሚያስፈልገው ስካውት (የፓርክ ጠባቂ)፣ ደመወዝ፣ ነዳጅና ሬዲዮ ነው። ይህ ደግሞ በካርታ ላይ አይታይም።

የማይቆጠረው ምን ይሠራል?

ስለ ሞሱ ማንም መግለጫ አያወጣም። ነገር ግን ራሱ መዝጋቢ ነው። ሥር ስለሌለው የሚመገበው በዝናብና በአቧራ የሚመጣለትን ነው፤ አየሩ የተሸከመውን ብረት ሁሉ ያከማቻል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የስዊድን ተመራማሪዎች ይህን አስተውለው ሞስ ሰብስበው ውስጡ ያለውን እርሳስና ሌላ ከባድ ብረት መለካት ጀመሩ። ከ1990 ወዲህ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በየአምስት ዓመቱ ይህንኑ አብረው ያደርጋሉ፤ ሂፕነም ኩፕረሲፎርሜ በዋናነት ከሚሰበሰቡት ጥቂት ዝርያዎች አንዱ ነው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ሲቀር በሞሱ ውስጥ ያለው እርሳስም በጉልህ ወርዷል። የቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ በ1986 ሲፈነዳም የተበተነው ሬዲዮአክቲቭ ሲዚየም በሞስ ውስጥ ተገኝቷል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የፖርትላንድ ታሪክ ነው። በዚህች የአሜሪካ ከተማ ተመራማሪዎች ከመንገድ ዳር ዛፎች 346 የሞስ ናሙናዎችን ሰብስበው (የሌላ ዝርያ ነው) በ2016 ውጤቱን ሲያወጡ፣ ካድሚየም የተባለው መርዛማ ብረት ክምችት ሁለት ቦታ ላይ ጎልቶ ታየ። ሁለቱም ቦታዎች ባለ ቀለም መስታወት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አካባቢ ናቸው። ነዋሪው ለዓመታት የሚተነፍሰውን ሳያውቅ የዛፉ ቅርፊት ላይ ያለው ሞስ ሲመዘግብ ኖሯል። ጉዳዩ ከተገለጠ በኋላ ፋብሪካዎቹ በካድሚየም መጠቀማቸውን አቋረጡ። የአየር መለኪያ ጣቢያ ውድ በሆነባቸው እንደ አዲስ አበባ ያሉ ከተሞች ይህን ዘዴ ለምን በስፋት እንደማይሞክሩት አይገባኝም። መቀስ፣ የወረቀት ከረጢትና አንድ ላቦራቶሪ ነው የሚጠይቀው።

ሞስ ውሃም ይይዛል፤ ከደረቅ ክብደቱ ብዙ እጥፍ። በባሌ ሐረና ጫካ የኮሶ ዛፎችን ያየ ሰው ቅርንጫፎቹ በሞስ ተሸፍነው፣ ዝናብና ጉም እንደ ስፖንጅ ሲጠጡ ተመልክቷል። ያ ውሃ በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ አይወርድም፤ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚደርሰን።

የተለመደ መሆን ግን ከአደጋ ነጻ አያደርግም። እዚህ ላይ በዝርያና በወገን መካከል መለየት ያስፈልጋል። ሂፕነም ራሱ ደህና ነው፤ ማንም ስለ እርሱ መጨነቅ የለበትም። ዘመዶቹ ግን በ2019 በወጣው የአውሮፓ የሞስና መሰሎቹ ቀይ መዝገብ መሠረት ከአምስት ዝርያ ከአንድ በላይ የሚሆነው የመጥፋት ሥጋት አለበት። ያንን የሚያውቅ ሰው ስንት ነው? ለዓይን ሁሉም አንድ አረንጓዴ ስለሚመስሉ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ቦታውን ይሸፍነዋል፤ ግንዱ አሁንም አረንጓዴ ነው፤ ማንም አያስተውልም። የአዳክስ መጥፋት ባዶ ሜዳ ይተዋል፤ የብርቅ ሞስ መጥፋት ባዶ ቦታ እንኳ አይተውም። ሞሱ የሚፈልገው ደግሞ ጥላና እርጥበት ያለው አሮጌ ግንድ ነው። በእኛም አገር የቡና ጫካ ውስጥ ጥላ ዛፉ ሲመነጠር፣ ግንዱ ሲፋቅ፣ ያረጀው ሲቆረጥ ከግንዱ ላይ የሚኖረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ለአበባ መደብር ማስዋቢያ ተብሎ ከጫካ በአንሶላ ልክ የሚገፈፍ ሞስም አለ። በአሜሪካ ይህ ራሱን የቻለ ንግድ ነው። የተገፈፈው ቦታ ተመልሶ እስኪሸፈን ከአሥር ዓመት በላይ ይወስዳል።

በአጥር ውስጥ የሞሉት ብርቆች

ወደ አዳክስ ልመለስ፤ ያልተናገርኩት አንድ አስቸጋሪ እውነት አለ። በዱር የቀረው አዳክስ እጅግ ጥቂት ነው ሲባል በዓለም ላይ ያለው ያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች መካነ እንስሳት ውስጥ በብዛት ይረባል፤ በአቡዳቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን በአልዓይን መካነ እንስሳት ሊያዩት ይችላሉ። በቴክሳስ የግል እርሻዎች ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ አሉ። እዚያ ያለው ባለ እርሻ የሚያረባው አዳኝ ገንዘብ ከፍሎ ስለሚተኩስለት ነው። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ደሜ ፈልቶ ነበር። የዓለም ብርቅ እንስሳ ለመዝናኛ ይገደል?

አሁንም አይዋጥልኝም፤ ግን ቁጥሩን መካድ አልችልም። የሰሃራ ዘመዱ የሆነው ባለ ጎራዴ ቀንዱ ሳላ በ2000 ከዱር ጠፍቷል ተብሎ ተመዘገበ። ዘሩ የተረፈው በአጥር ውስጥ ብቻ ነበር። የቻድ መንግሥት፣ የአቡዳቢ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲና የሰሃራ ጥበቃ ድርጅት ከ2016 ጀምሮ በቻድ ዋዲ ሪሜና ዋዲ አሺም በተባለው ጥብቅ ሥፍራ መልሰው ለቀቁት፤ በዱር ወለደ፤ በ2023 መጨረሻም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረቱ «ከዱር የጠፋ» ከሚለው መዝገብ አውጥቶ «ለመጥፋት የተቃረበ» ወደሚለው አዛወረው። የሰሃራ እንስሳ ከመቃብር አፋፍ ሲመለስ ያየንበት ያልተለመደ ጉዳይ ነው። አዳክስም ያንኑ መንገድ ጀምሯል። በ2019 መጨረሻ ከአቡዳቢ ወደዚያው ሥፍራ በአውሮፕላን ተጓጉዞ የመጀመሪያዎቹ 15 በ2020 መጀመሪያ ላይ ተለቀቁ። በሳተላይት የሚከታተል አንገት ማሰሪያ የታሰረላቸው አሉ፤ በዱር የተወለዱ ግልገሎችም ታይተዋል።

ግልገል መወለዱ አስደስቶኛል፤ ግን እንስሳ ማርባት የማንችለው ነገር እንዳልነበረ ቴክሳስ ቀድማ አሳይታለች። ተርሚትን ያሸነፈው የአዳክስ ቁጥር ማነስ አልነበረም፤ የተኳሹ መኪና ነው። መኪናው ዛሬም አለ፤ ሳህል ዛሬም ሰላም የለውም። በቻድ የተለቀቁት የሚተርፉት ስካውቱ ደመወዙን በወቅቱ ሲያገኝ፣ የስካውቱ መኪና ጎማ ሲቀየርለት፣ በጥብቅ ሥፍራው የሚያልፈው አርብቶ አደር እንስሳው ቢኖርለት የሚጠቅመው ነገር ሲያይ ነው። በዋዲ ሪሜ ግመልና በግ ይዘው የሚያልፉ ቤተሰቦች ለዘመናት የኖሩ ናቸው፤ ዝናቡን ተከትለው ይዞራሉ፤ ልክ እንደ አዳክስ። ሣሩን ይሻሙታል፤ የዝናቡን አቅጣጫ ግን ከማንም ሳተላይት ቀድመው ያውቃሉ።

ለሞሱ የሚያስፈልገው ከዚህ ሁሉ ጋር አይወዳደርም። የወደቀን ግንድ ለማገዶ ሳይጎትቱ ባለበት መተው፣ ካረጁት ዛፎች ጥቂቱን አለመቁረጥ፣ ከግንድ ላይ አለመፋቅ ይበቃዋል። በጀቱ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም በአንድም ፓርካችን አስተዳደር ዕቅድ ውስጥ ሞስ የሚል ቃል ቢኖር ይገርመኛል፤ ስለ ሳላው ግን በየዓመቱ ይቆጠራል፣ ይጻፋል፣ ይለቀሳል።